የኢንስፔክተር ናደው ካፖርት

በአንድ ወቅት፣ ቴሌቪዥን ጀርባው እንደ ሣጥን ገፍቶ የጠረጴዛውን ግማሽ በሚይዝበት ዘመን፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ የደሴ መንገድ ጭር ይል ነበር። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ጋ ይገባና «ዘጠነኛ ጣቢያ» የሚባለውን ተከታታይ የፖሊስ ድራማ ያያል። የድራማው ዋና ሰው ኢንስፔክተር ናደው ይባላል። ረጅም ግራጫ ካፖርት የሚለብስ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ተጠርጣሪ ፊት ተቀምጦ ዝም በማለት ብቻ የሚያናዝዝ መርማሪ ነው።

ሆጤ ሰፈር ውስጥ የአንድ እናት ሦስት ልጆች ነበሩ። ትልቁ አጥናፉ፣ መካከለኛዋ ጥሩዬ፣ ትንሹ ይትባረክ። ቤታቸው ቴሌቪዥን የለም። የጎረቤታቸው የጋሽ ይመር ሳሎን ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ከየቤቱ አንድ ልጅ ብቻ ይገባል። የእነሱን ቤት ወክሎ የሚገባው አጥናፉ ነው። ይትባረክ ያኔ ገና ጡት አልጣለም። ጥሩዬ ግን አልጋ ውስጥ ሆና እንቅልፏን እየታገለች ትጠብቀዋለች። አጥናፉ ተመልሶ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሲገባ አገጯን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለዋለች። እሱም ያየውን ሁሉ ይነግራታል፤ የኢንስፔክተሩን አረማመድ፣ የተጠርጣሪውን የላብ ጠብታ፣ የጣቢያውን ሲጥ ሲጥ የሚል በር ሳይቀር። ሲያወራላት ዐይኗን ከፊቱ ላይ አትነቅልም። አጥናፉ በኋላ ዘመኑ ብዙ ነገር አግኝቷል፣ ብዙ ነገርም አጥቷል፤ እንደዚያ የሚያዳምጠው ሰው ግን ዳግመኛ አላገኘም።

ድራማው ሳያልቅ ተቋረጠ። ኢንስፔክተር ናደው የአንድ መጋዘን ዘረፋ ሲመረምር ከርሞ፣ ዘራፊው የገዛ ታናሽ ወንድሙ መሆኑን የደረሰበት ምሽት ነበር። የወንድሙን በር አንኳኳ፤ ወንድሙ ከፈተለትና «ግባ» አለው፤ እዚያ ላይ አበቃ። በሚቀጥለው ሐሙስ በቦታው ሌላ ፕሮግራም ታየ። ደራሲው አቶ መንበሩ ታመው ማረፋቸው ተወራ። ትንሿ ጥሩዬ ግን ይህ ሁሉ አልገባትም። «ያስረዋል ወይስ ይለቀዋል?» እያለች ታለቅሳለች። አጥናፉ እህቱ ስታለቅስ ማየት አልሆነለትም። አንድ ማታ ከጎረቤት መጣና «ዛሬ መጨረሻውን አሳዩት» አላት። ኢንስፔክተሩ ካቴናውን በወንድሙ እጅ ላይ ራሱ አሰረው፤ መኪና አልጠራም፤ እስከ ጣቢያው ድረስ ጎን ለጎን በእግራቸው ሄዱ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ለተረኛው ፖሊስ «ወንድሜ ነው፤ መዝግበው» አለ። ጥሩዬ ይህን ሰምታ ተኛች። አጥናፉም በሚቀጥሉት ዓመታት ለብዙ ሰው ደጋግሞ ሲያወራው፣ ያየውንና የፈጠረውን የሚለየው መስመር ለራሱም ጠፋበት።

ዓመታት ሄዱ። አጥናፉ እዚያው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ የቴሌቪዥን ጥገና ሱቅ ከፈተ። ጥሩዬ ተምራ ተመርቃ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኃላፊ ሆነች። ይትባረክ ድምፁ ያማረ፣ ወሬው የሚጥም ጎልማሳ ወጣውና የከተማው ሬዲዮ ላይ የጠዋት ፕሮግራም አቅራቢ ሆነ። ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ የጥሩዬ ዕውቀትና የይትባረክ ድምፅ ይወራል። አጥናፉን የሚጠሩት «ያቺ ቴሌቪዥናችን ደግሞ መስመር መስመር እያለች ነው፤ እስቲ ብቅ በልና እያት» ለማለት ነው። ይስቃል፤ ሄዶም ያይላቸዋል። ሆዱ ግን ይሻክራል።

ከዕለታት አንድ ቀን አጥናፉ በኢንተርኔት ላይ አንድ የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት መኖሩን ሰማ። ማንም ሰው የሚያውቀውን ይጽፍበታል፤ ሌላው ደግሞ የተጻፈውን ያርማል፣ ያሻሽላል። «ዘጠነኛ ጣቢያ» ብሎ ፈለገ። ምንም የለም። የድራማው ካሴቶች የት እንደደረሱ የሚያውቅ እንደሌለ ቀድሞም ሰምቷል። ስሙ እንኳ የትም ቦታ አለመጻፉ ግን አስደነገጠው። ያ ሁሉ ሐሙስ አልነበረም ሊባል ነው። ሱቁ ውስጥ ከደንበኛ ተከልሎ መጻፍ ጀመረ። በሁለት ጣቱ እየለቀመ፣ የተፈታታ ቴሌቪዥን መሐል ተቀምጦ፣ ለብዙ ሳምንታት ጻፈ። ታሪኩን ክፍል በክፍል፣ ተዋናዮቹን አንድ በአንድ አስቀመጠ። መጨረሻው ላይ ሲደርስም አላቅማማም፤ ካቴናውን፣ የእግር መንገዱን፣ «ወንድሜ ነው፤ መዝግበው» የሚለውን ሁሉ እንደታየ አድርጎ ጻፈው። ሲጨርስ ለእህትና ለወንድሙ ደውሎ፣ «ገብታችሁ እዩ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አላቸው። ድምፁ ውስጥ ያለውን ደስታ ሁለቱም ሰሙት።

ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ በጽሑፉ አናት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ። «ይህ ጽሑፍ ምንም ምንጭ አልጠቀሰም። ካልተሻሻለ ይሰረዛል» ይላል። አጥናፉ አነበበውና ኮምፒውተሩን ዘጋው። ምንጭ ማለት ምን ማለት ነው? ምንጩ እሱ ራሱ ነው፤ ዐይኑ ነው ያየው። ማንን ይጠይቅ? ማንንም አልጠየቀም።

የጠየቀው ባይኖርም ጥሩዬ ማስጠንቀቂያውን አይታው ነበር። የዓመት ፈቃዷን ወሰደችና አዲስ አበባ ወርዳ የዚያን ዘመን ጋዜጦች ከተቀመጡበት እያስወጣች መግለጥ ያዘች። አቧራው ጉሮሮዋን እስኪዘጋው ድረስ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ማስታወቂያዎችን አገላበጠች። ከድራማው የካሜራ ባለሙያዎች አንዱን በሰው በሰው አፈላልጋ አገኘችና የታተመ ቃለ ምልልሱን ከእጁ ተቀበለች። ከዚያ የወንድሟን ጽሑፍ መስመር በመስመር መመርመር ጀመረች። አጥናፉ የዋናውን ተዋናይ የአባት ስም ተሳስቷል፤ አረመችው። የሁለት ክፍሎችን ታሪክ አንድ ላይ ቀላቅሏል፤ ለየችው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግርጌ ጋዜጣውንና ቀኑን ጠቀሰች። መጨረሻው ጋ ስትደርስ ግን እጇን ሰብስባ ተቀመጠች። ደሴ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች።

«ጋሼ፣ የመጨረሻውን ክፍል የት አየኸው?» አለችው።

«የት አየኸው ማለት ምን ማለት ነው? እነ ጋሽ ይመር ቤት ነዋ።»

«አልተላለፈም እኮ። ጋዜጣው ላይ አለ። የካሜራ ሠራተኛውም አልተቀረጸም ብሎኛል። ደራሲው ሳይጽፉት ነው የሞቱት።»

አጥናፉ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር ትዝ ያለው፤ አልጋው፣ ብርድ ልብሱ፣ የእሷ እንባ። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» ሊላት ፈለገ። ቃሉ ግን ከአፉ አልወጣ አለ።

«ካልሽ አውጪው» አላት።

«መዝገበ ዕውቀት ነው ጋሼ። ሰው እውነት ብሎ ነው የሚያነበው።»

«አውጪው አልኩሽ።»

አወጣችው። ማስጠንቀቂያው ተነሣ፤ ጽሑፉ ከመሰረዝ ዳነ። አጥናፉ ግን በዚያ ሳምንት የጽሑፉን የለውጥ ታሪክ ከፍቶ አየ። ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚያሳየው ገጽ ነው። ከታች፣ ሥር ላይ፣ የእሱ ስም አለ። ከዚያ በላይ እስከ ገጹ አናት ድረስ ጥሩዬ፣ ጥሩዬ፣ ጥሩዬ። ጽሑፉ በመዳኑ መደሰት እንዳለበት ያውቃል፤ ደስታው ግን አልመጣለትም። ያቺ «ከዚያስ?» እያለች ስትጠብቀው የነበረች ልጅ አሁን «የት አየኸው?» ባይ ሆናበታለች። እሁድ እናታቸው ቤት ሲገናኙ በደንብ አላናገራትም። እሷም ምክንያቱ ገብቷታል።

ቀጥሎ የመጣው ይትባረክ ነው። የእህቱ ሥራ እውነት ቢሆንም ደረቅ ነበር። ከፖሊስ ጣቢያ የወጣ የምስክርነት ቃል ይመስላል፤ ከፍቶ የሚያነበው ሰው አልነበረም። ይትባረክ አንድ ክፍል እንኳ አይቶ አያውቅም። ነገር ግን የትኛው ቃል ጆሮ ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። የተደጋገመውን ቆረጠ፤ የተጣመመውን ዓረፍተ ነገር አቃና፤ አንባቢ ገና ሲገባ ኢንስፔክተሩን እንዲያየው አድርጎ መግቢያውን እንደ አዲስ ጻፈው። በእህቱ ምንጮች ላይ አንዲት ቃል አልጨመረም፤ አላጎደለም። ከዚያ በድራማው ላይ ወጣቷን የወንጀል መርማሪ ሆና የተጫወተችውን፣ አሁን ሐይቅ ከተማ ትንሽ ምግብ ቤት ያላትን ሴት አፈላልጎ አገኘ። ለዓመታት ማንም ስለ ድራማው ጠይቋት አያውቅም። አብሯት ዋለ፤ አጫወታት፤ በዚያ ዘመን የተነሳችውን ፎቶግራፍ ለጽሑፉ እንዲሆን ፈቀደችለት። በመጨረሻም በሬዲዮ ፕሮግራሙ ላይ ጽሑፉን እየቆረሰ አነበበ። ከተማው ተነቃነቀ። በዚያው ሰሞን የመዝገበ ዕውቀቱ አዘጋጆች ጽሑፉን መርጠው ለአንድ ቀን ሙሉ በፊት ገጻቸው ላይ ሊያወጡት ወሰኑ።

አጥናፉ ይህን የሰማው ከደንበኛ ነው። አንድ ሰውዬ የተበላሸ ሪሞት ይዞ መጣና፣ እስኪጠገንለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ወሬ ጀመረ።

«ወንድምህ ስለ ዘጠነኛ ጣቢያ የጻፈውን አነበብክ?»

«ማን የጻፈውን?»

«ይትባረክ ነዋ። ምን ያለ ልጅ ነው እባክህ። ያ ሁሉ ዘመን ትዝ አለኝ። እሱ ግን ያኔ ተወልዷል?»

አጥናፉ ሪሞቱን ከፍቶ ባትሪው የሚነካበትን ሽቦ መጥረግ ቀጠለ። «አልተወለደም ማለት ይቻላል» አለ።

«ታዲያ እንዴት እንደዚህ አወቀው? ተሰጥኦ ነው መቼም።»

ሰውዬው ሪሞቱን ይዞ ሄደ። አጥናፉ ግን ሱቁ ውስጥ ያሉት የተፈታቱ ቴሌቪዥኖች ሁሉ ዐይን አውጥተው የሚያዩት መሰለው። በሬዲዮም ሰምቶታል፤ ይትባረክ በዚያ በሚጥም ድምፁ «ይህን ያዘጋጀሁላችሁ ይትባረክ ነኝ» ሲል። ያዘጋጀሁላችሁ። ጋሼ አላለም፣ እትዬ አላለም። ደግ ልጅ ነው፤ ክፉ ሐሳብ የለውም፤ አጥናፉ አዝሎ ያሳደገው ነው። ይህን ሁሉ እያወቀ ግን በዚያን ቀን የወንድሙን ድምፅ ቢያጠፋው ደስ ይለው ነበር።

ጽሑፉ በፊት ገጽ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። አጥናፉ በማለዳ ሱቁን ከፈተ፤ ኮምፒውተሩን አበራ። ጽሑፉ ከነፎቶግራፉ አናት ላይ ተንቆጥቁጦ ወጥቷል። አንብቦ ጨረሰው። ያማረ ነው፤ ትክክል ነው፤ ከእሱ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልቀረበትም። የለውጥ ታሪኩን ከፈተ። እስከ ሥሩ ወርዶ የራሱን ስም አገኘ። እዚያ ስሙ አጠገብ የቀድሞውን ጽሑፍ ወደ ቦታው የሚመልስ አንድ ቃል አለ። ከዚያ ነካው።

የጥሩዬ ድካም ሁሉ፣ የይትባረክ ቋንቋ ሁሉ ጠፋ። የመጀመሪያው የአጥናፉ ጽሑፍ፣ ከነስሕተቱና ከነፈጠራው መጨረሻ፣ በዚያች ቀን በፊት ገጽ ለሚገባ ሰው ሁሉ ተዘርግቶ ዋለ። እኩለ ቀን ገደማ አንድ አንባቢ ለጥሩዬ ነገራት። መለሰችው። የመዝገበ ዕውቀቱ አስተዳዳሪዎችም ጽሑፉን ቆልፈው፣ ያን ያደረገውን ሰው ከእንግዲህ በእሱ ላይ እንዳይጽፍ ከለከሉት።

ጥሩዬ ከሥራ ስትወጣ ወደ ሱቁ መጣች። አልተቀመጠችም።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«አንዴ እንኳ የጻፍኩትን ሰው እንዲያየው ብዬ ነው» አላት።

«ሰው ያየው ውሸት ነው።»

«አንቺ ልጅ ሆነሽ ውሸት ነው አላልሽም።»

ጥሩዬ ፊቷ ተለወጠ። ዞራ ወጣች። አጥናፉ ያሸነፈ መስሎት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ምን እንዳደረገ ገባውና ሱቁን ዘግቶ ያለወትሮው በጊዜ ወደ ቤቱ ሄደ።

በሳምንቱ ለይትባረክ አንድ ስልክ ተደወለለት። የደወሉት ኮምቦልቻ የሚኖሩ ወይዘሮ እቴነሽ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። የዘጠነኛ ጣቢያ ደራሲ የአቶ መንበሩ ባለቤት ነበሩ። «በሬዲዮ ስታነበው ሰማሁህና ልጄን አንብቢልኝ አልኳት» አሉት። «ጽሑፉን የሠራው ሰው እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ኢንስፔክተሩ ይለብሰው የነበረው ካፖርት እኔ ጋ ነው። የባሌ ካፖርት ነበር፤ ለተዋናዩ ያለበሰው እሱ ነው። እኔ ዕድሜዬ ሄዷል፤ ለሚገባው ሰው ሰጥቼ ልረፍ።»

ይትባረክ ለሁለቱም ነገራቸው። ሦስቱም «እኔ ነኝ የምሄደው» አላሉም፤ ሦስቱም ግን በቀጠሮው ቀን ሚኒባስ ተራ ተገኙ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት አንድ ወንበር ላይ ተደርድረው ወረዱት፤ ከአጥናፉ በስተቀኝ ጥሩዬ፣ በስተግራ ይትባረክ። አጥናፉ በየመታጠፊያው የሁለቱ ትከሻ ሲነካው፣ ሁለቱም ስለ ካፖርቱ እያሰቡ መሆናቸው ይታወቀው ነበር። እሱም የሚያስበው ስለ ካፖርቱ ነው። ልጅ ሆኖ በጎረቤት ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጦ ዐይኑን የማይነቅልበት ካፖርት ነበር።

ወይዘሮ እቴነሽ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሎን ውስጥ ጠበቋቸው። ካፖርቱ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። ትከሻው ትንሽ ነጥቷል፤ አንድ ቁልፍ በሌላ ቀለም ቁልፍ ተተክቷል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

«ሦስት ናችሁ እንዴ?» አሉ አሮጊቷ። «እኔ አንድ ሰው መስሎኝ ነበር።»

«ሦስታችንም ሠርተንበታል እማማ» አለ ይትባረክ።

«መልካም። መጀመሪያ የምጠይቀው አለኝ። ጽሑፉ በፊት ገጽ በወጣበት ጠዋት ልጄ ስታነብልኝ፣ ኢንስፔክተሩ ወንድሙን አስሮ ጎን ለጎን በእግራቸው ሲሄዱ ሰማሁ። በማግስቱ እንደገና አንብቢልኝ ስላት ያ ቦታ የለም አለችኝ። ማነው የጻፈው?»

አጥናፉ ቀና አላለም። ጥሩዬ ነበረች የተናገረችው።

«ወንድሜ ነው እማማ። ግን እውነት አይደለም፤ አልታየም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እውነት አለመሆኑን አንቺ ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» አሉ ወይዘሮ እቴነሽ ያለ ቁጣ። «መንበሩ ያን ክፍል ሊጽፍ ተቀምጦ ሲያቅተው ያየሁት እኔ ነኝ። ሊያስረው አልሆነለትም፤ ሊለቀውም አልሆነለትም። በዚያው ታመመ፤ ሳይጽፈው ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ያ በር ተከፍቶ እንደቀረ ነበር ለእኔ። በዚያች ጠዋት ሲዘጋ ሰማሁት። አለቀስኩ።» ከዚያ ወደ ጥሩዬ ዞሩ። «ግን ባሌ ያልጻፈውን ጻፈ ብሎ ዓለም እንዲያነብበት አልፈልግም። ማጥፋትሽም ደግ አድርገሻል።»

አሮጊቷ በአገጫቸው ወደ ካፖርቱ አመለከቱ።

«እንግዲህ» አሉ አሮጊቷ፤ «ካፖርቱ አንድ ነው። እያንዳንዳችሁ ተናገሩ፤ ራሳችሁን ግን አታሞግሱ። የሠራችሁትን ብቻ ንገሩኝ።»

አጥናፉ ተናገረ። «እኔ ጀመርኩት እማማ። የባለቤትዎ ሥራ ስሙ እንኳ የትም አልነበረም። የሚያስታውሰው ሰው ሁሉ ለየራሱ ሲያስታውስ እኔ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ካየሁት የተሳሳትኩት አለ፤ ያላየሁትንም ጨምሬያለሁ። በኋላም ቀንቼ የእነሱን ድካም አጥፍቻለሁ። እኔ ባልጀምረው ግን እነሱ የሚያርሙትም የሚያስውቡትም ነገር አይኖርም ነበር።»

ጥሩዬ ተናገረች። «እኔ አዳንኩት እማማ። ሊሰረዝ ቀኑ ተቆርጦለት ነበር። እያንዳንዷን ቃል ከማስረጃ ጋር አገናኘሁ፤ ማስረጃ የሌለውን አወጣሁ። ካወጣሁት ውስጥ ልጅ ሆኜ ያስተኛኝ ታሪክ አለ። እሱን ሳወጣ ቀላል አልነበረም፤ ለወንድሜም አልነገርኩትም። ምናልባት መንገር ነበረብኝ። ነገር ግን እኔ ባላርመው ዛሬ ጽሑፉ የለም፤ ቢኖርም የሚታመን አይሆንም።»

አጥናፉ ይህን ሲሰማ ዞሮ እህቱን አየ። እሷ ግን ካፖርቱን ነበር የምታየው።

ይትባረክ ተናገረ። «እኔ ሕይወት ሰጠሁት እማማ። ድራማውን አላየሁትም፤ ከሁለቱ ሥራ ላይ ነው የተነሣሁት። በሬዲዮም ስማቸውን አልጠራሁም፤ ትክክል አልነበረም። ግን እኔ ከመምጣቴ በፊት ተጽፎ የተቀመጠ፣ ማንም የማይከፍተው ነገር ነበር። ሐይቅ ያለችው ተዋናይ ተረስታ ነበር። እርስዎም ቢሆኑ የሰሙት ከእኔ አፍ ነው።»

ወይዘሮ እቴነሽ ካፖርቱን ከወንበሩ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። እጃቸውን በጨርቁ ላይ አመላለሱ። አጥናፉ እጃቸውን በዐይኑ ተከተለ። ይትባረክ ቢለብሰው ልክ እንደሚሆነው አየ፤ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ቁመቱ የኢንስፔክተሩ ነው። ያ ደግሞ አናደደው። ጥሩዬ ብትወስደው አጥባ፣ ተኩሳ፣ የእሳት ራት እንዳይበላው አድርጋ እንደምታስቀምጠው አሰበ። ያም አናደደው። እሱ ራሱ ቢወስደው? ሱቁ ውስጥ ይሰቅለዋል፤ የሚገባ የሚወጣው ሰው ሁሉ እንዲያየው። ይህን ሲያስብ አፈረ፤ ምኞቱ ግን አልቀነሰም።

«የጀመረው አጠፋበት» አሉ አሮጊቷ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «ያዳነችውን የሚያነብላት አልነበረም። ያስነበበው አላየውም።» ልጃቸው ከጓዳ ብቅ ብላ «እማዬ፣ ቆራርጠሽ አታከፋፍያቸው መቼም» አለች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ውጭ ወደ ደሴ የሚመለሰው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ። መምሸቱ ነው፤ ዳገቱን እንደወጡ ብርድ ይጠብቃቸዋል። ሦስቱም ተነሡ፤ አንዳቸውም ግን ወደ በሩ አልሄዱም። ወይዘሮ እቴነሽ ካፖርቱን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ያዙት፤ አንገቱን ወደ እነሱ አዙረው፣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ እጁን በእጀታው እንዲያስገባ። ዐይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ።

እኔ እስከዚህ ድረስ ነው የማውቀው። ያየሁትንም የሰማሁትንም ሳላጎድል፣ ከራሴም ሳልጨምር ነገርኳችሁ። አንደኛው ፍቅር ነበረው፤ እውነት አጓደለ። ሁለተኛዋ እውነት ነበራት፤ ያ እውነት የገዛ ልጅነቷን ታሪክ አስጠፋት። ሦስተኛው ጆሮ የሚገዛ አፍ ነበረው፤ የተናገረው ግን የሌሎችን ድካም ነው። አሮጊቷ ደግሞ ካፖርቱን እንደዘረጉ እጃቸው እየዛለ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ማን ጀርባውን ይስጥ? ያንን ካፖርት ለብሶ ወደ ደሴ መውጣት የሚገባው ከሦስቱ ማነው?